ለልደታ ግቢ የሚሆን የጋዝ ባርቢኪው

ግንቦት 1 ቀን ልደታ ማርያም አካባቢ እሳት የሚነደው ደጅ ነው። ሐና እመቤታችንን የወለደቻት ከቤቷ ርቃ፣ በሊባኖስ ተራራ ነው ስለሚባል የዕለቱ ንፍሮ የሚቀቀለው፣ ዳቦው የሚቆረሰው፣ ቡናውም የሚፈላው ከጣራ ውጭ ነው። በዓሉ ለሥጋ ወዳጅም የተመቸ ነው። ፋሲካችን ከመጋቢት 26 ቀድሞ፣ ከሚያዝያ 30ም አልፎ አይውልም፤ ስለዚህ ግንቦት 1 ምንጊዜም በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ይገባል። ረቡዕ ቢውል ዓርብ ጾም የለበትም። ከንፍሮው ጎን በግ መታረዱ አያስገርምም።

ችግሩ እሳቱ ላይ ነው። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከበዛበት ወዲህ ለብዙ የልደታ ሰው «ደጅ» ማለት በፎቆች መካከል ያለ የጋራ ግቢ ነው። እዚያ መሀል ከሰል ማያያዝ ከምድር እስከ ላይኛው ፎቅ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ ማጠን ነው። የጋዝ ባርቢኪው የሚታሰበው ይህን ጊዜ ነው።

ዕቃው ሲገልጡት የተወሳሰበ አይደለም። ጋዙ ከሲሊንደሩ ሲወጣ ሬጉሌተሩ ግፊቱን ይቀንሰዋል፤ በጎማው አልፎ ከአየር ጋር ይቀላቀልና በማቃጠያው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሰማያዊ ነበልባል ሆኖ ይበራል። ከነበልባሉ በላይ የብረት ሽፋን፣ ከሽፋኑ በላይ ደግሞ ሥጋው የሚተኛበት ፍርግርግ አለ። ትልቁን ሥራ የሚሠራው መካከለኛው ሽፋን ነው። ከሥጋው የሚንጠባጠበው ስብ የጋለው ብረት ላይ ሲያርፍ ይጨሳል፤ ጭሱም ተመልሶ ሥጋውን ያጥነዋል። «በጋዝ የተጠበሰ ጣዕም የለውም» የሚሉ ሽማግሌዎችን በዚህ ነጥብ ደፍሬ እሟገታቸዋለሁ። ደህና የቀላ ፍም ራሱ እኮ አይጨስም፤ ምራቅ የሚያስውጠው ሽታ አብዛኛው የስቡ ነው።

ገበያ ላይ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የሚያብረቀርቀው ክዳን ነው። ክዳን ያለው ክብ ባርቢኪው የመጣው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቺካጎ አጠገብ ብረታ ብረት ቤት ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የብረት ምልክት ለሁለት ከፍሎ ሠራው። አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ሲሆን የሚያይ የመርካቶ ምናለሽ ተራ ደንበኛ በዚህ አይደነቅም። ያም የከሰል ነበር፤ ጋዙ በኋላ የመጣ ነው።

እኛ ግን ክዳኑን ስንት ጊዜ እንዘጋዋለን? ፈረንጅ ለቀናት አሳድሮ ያለሰለሰውን ወፍራም ሥጋ ክዳን ዘግቶ ቀስ አድርጎ ያበስላል። የእኛ ሥጋ የዕለት እርድ ነው፤ ስለሚጠነክር ይዘለዘላል፣ በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይገላበጣል፣ ትኩሱን ይበላል። ክዳን የሚያስፈልገው ሙሉ የበግ እግር ወይም ያልተከተፈ ጎድን ለሚጠብስ ነው። ለዝልዝል ጥብስ የሚከፈልበት ነገር ሌላ ነው፤ ከባድ የብረት ፍርግርግ፣ ወፍራም ላሜራ፣ ለየብቻ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማቃጠያዎች። ፍርግርጉን በእጅዎ አንሥተው ይመዝኑት። ከቀለለ ሙቀት አይዝም፤ ቀዝቃዛ ሥጋ ሲያርፍበት ይበርድና ጥብሱ ቅቅል ይሆናል።

ለቤተሰብ ባለ ሁለት ማቃጠያ ይበቃል። ሃያና ሠላሳ ሰው ለሚሰበሰብበት ግቢ ባለ ሦስት ይሻላል፤ አንዱን ሁልጊዜ ዝግ ያደርጉታል። የበጋችን የላት ስብ ሲንጠባጠብ ነበልባል ይነሣል፤ ያን ጊዜ ሥጋውን ወደ ዝጉ በኩል መግፋት ነው። ውሃ መድፋት አይገባም፤ የሚነድ ስብ ላይ የፈሰሰ ውሃ እሳቱን ይረጨዋል። በጎን በኩል ድስት የሚጣድበት ተጨማሪ ማቃጠያ ካለው ደግሞ የልደታ ንፍሮ ቦታ አገኘ።

አሁን ሻጮች ወደማያነሡት ጉዳይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ለቆላ ወደብ የተሠራ ማቃጠያ እዚህ አየር ያጥረዋል፤ ነበልባሉ ቢጫ ይሆንና ጥላሸት ያመጣል። ስለዚህ የአየር ማስገቢያው የሚሰፋ የሚጠብ መሆኑን ይጠይቁ፤ ከመክፈልዎ በፊትም በርቶ ይዩት። ሬጉሌተሩ ከሲሊንደርዎ አፍ ጋር መግጠሙንም እዚያው ያረጋግጡ። እኔ ይህን ሳላደርግ ገዝቼ ዕቃው ሁለት ወር የአበባ መደርደሪያ ሆኖ ከርሟል።

ጋዙ ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወለል ለወለል ሄዶ ጉድጓድና ደረጃ ሥር ይተኛል። ሲሊንደር በኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ማስቀመጥ ክልክል መሆን ያለበት ለዚህ ነው። መገጣጠሚያው ማፍሰሱን ለማወቅ የሳሙና አረፋ ይቀቡት፤ ክብሪት አይጫሩ። ክዳኑንም ሳይከፍቱ አይለኩሱ።

ጀበናው ከከሰሉ አይለይም፤ ሊለይም አይገባውም። ለእሱ ውስጧ በሸክላ የተለበጠችው ላቀች ምድጃ ትበቃለች፤ ከተራው የብረት ምድጃ ከሰሉን ሩብ ያህል ትቆጥባለች። ከሰልም ሆነ ጋዝ ግን ዝናብ መጣ ተብሎ ወደ ቤት አይገባም። የሚገድለው ጭስ አይታይም፣ አይሸትም።

ዋጋው ለአንድ ቤት ከከበደ ቅርጫ ይሁን። በሬ ተካፍሎ የሚያርድ ጎረቤት ባርቢኪው ተካፍሎ መግዛት አይከብደውም፤ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚያስፈልግ ዕቃ ስድስት አባወራ መዋጣቱ ብልህነት ነው።

ጋዙን ደግሞ አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ሦስቱም ማቃጠያዎች እያንዳንዳቸው 3 ኪሎ ዋት ሆነው በሙሉ ኃይል ቢነዱ በሰዓት 700 ግራም ገደማ ይበላሉ፤ 12.5 ኪሎ የሚይዘው ሲሊንደር ወደ 18 ሰዓት ይቆያል ማለት ነው። የባዶው ክብደት ሲሊንደሩ ላይ ተቀርጿል። ሚያዝያ 28 ሚዛን ላይ ያውጡትና ያንን ይቀንሱ፤ ከ3 ኪሎ በታች ከቀረው ያኔውኑ ይቀይሩት።