ከርከሮውና መደበቂያው፦ የድሬዳዋ ገጠር የአደን ጥያቄ ለምን መልስ አጣ?

በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ማሽላው እሸት መያዝ ሲጀምር አብሮ የሚነሳ ጥያቄ አለ፤ ከርከሮውን ለምን አንገድለውም? ገበሬው በስብሰባ ይጠይቃል። አንዱ «ሕግ ይከለክላል» ብሎ ይመልስለታል፤ ሌላው «ፈቃድ ሲመጣ ይታደናል» እያለ ተስፋ ይሰጠዋል። ከተማ ያለው ሰውም ወሬውን በየዓመቱ እየሰማ ግራ ይጋባል። የዱር እንስሳ መጠበቅ እንዳለበት ተምሯል፤ የገበሬው አዝመራ መጥፋትም ያሳዝነዋል። የቱ ጋ እንደሚቆም ግን አያውቅም።

ክርክሩ መተኮስ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚለው ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። በእኔ እይታ ከዚያ የሚቀድም ጉዳይ አለ። ከርከሮው የሚሸሸግበት ጥሻ ከየት መጣ? እርሻው ጥግ ድረስስ ምን አደረሰው? ይህን ሳይመልስ የሚሰጥ የአደን ፈቃድ ጥይት ከማባከን የሚያልፍ አይመስለኝም።

በቅድሚያ ስለ እንስሳው ጥቂት ልበል። ከርከሮ እያልን በአንድ ስም የምንጠራው ከአንድ በላይ እንስሳ ነው። ፊቱ ላይ ጉጥ ጉጥ ያለ እብጠት ያለው፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ የሚሮጠው፣ የፊት እግሮቹን አንበርክኮ የሚግጠው ዋናው ከርከሮ የቀን እንስሳ ነው። ሲመሽ ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱም ብዙ ጊዜ አዋልዲጌሳ ቆፍሮ የተወው ነው። በምሥራቁ ቆላ፣ ወደ ሶማሌ ክልል በኩል፣ የበረሃ ከርከሮ የሚባል የቅርብ ዘመዱ ይኖራል። ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦና ደን የሚወደው ጸጉራሙ የዱር አሳማ ደግሞ በአብዛኛው የሌሊት እንስሳ ነው። ልዩነቱ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። ቀን ከርከሮና ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት የሚመላለሱበት ማሳ ከማማው ላይ ሰው ሊወርድበት አይችልም። የሐረርጌ ነባር ማሽላም ቶሎ የሚደርስ አይደለም፤ በበልጉ ዝናብ ተዘርቶ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ወር ዘሩ ከመቆፈር፣ አገዳው ከመሰበር መጠበቅ አለበት።

ሕጉ አስቸጋሪ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 አደን በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ወስኗል፤ ዝርዝሩም በቀጣዩ ዓመት በደንብ ቁጥር 163 ወጥቷል። ጠመንጃው ራሱ ደግሞ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ሥር ነው። ስለዚህ ተራራው የወል ስለሆነ ብቻ ማንም መሣሪያ ይዞ አይገባበትም። ቢሆንም «ሕግ ይከለክላል» የሚለው ግማሽ መልስ ነው፤ ሕጉ የሚከለክለው ያለ ፈቃድ ማደንን ነው። ፈቃዱ ቢመጣስ ማን ያድናል?

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነገር እውነት አለ። በሌላው ዓለም ሰው የዱር አሳማ ፍለጋ ገደል ለገደል የሚንከራተተው በአመዛኙ ሥጋውን ስለሚበላው ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከድሬዳዋ ነዋሪ ከመቶ 70 በላይ የሚሆነው ሙስሊም፣ ከመቶ 25 በላይ የሚሆነው ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነው። ሁለቱም የአሳማ ወገን አይበሉም። የተገደለ ከርከሮ ለገዳዩ ቤት ይዞለት የሚገባ ነገር የለም፤ ሬሳውን መቅበሩ ራሱ አንድ ሥራ ነው። በዶላር ከፍሎ ከውጭ የሚመጣው አዳኝም ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የሚፈልገው ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ነው፤ በምዕራብ ሐረርጌ ያለው የዲንዲን የአደን ቀጣና የሚታወቀውም በዚሁ እንስሳ ነው። ለከርከሮ ሲል የድሬዳዋን ገደላገደል የሚወጣ አዳኝ የለም። አደኑ ቢፈቀድ ሸክሙ የሚያርፈው እዚያው ገበሬው ላይ ነው፤ ቀን አርሶ፣ ሌሊት ጠብቆ፣ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ አዳኝ ሊሆን ነው።

አሁን ወደ ጥሻው እንሂድ። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ሞቃታማ ክፍል ነው። አገራችን ውስጥ ችግኙ መጀመሪያ ከፈላባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ድሬዳዋ፣ የጎሮ ችግኝ ጣቢያ ነው፤ ጊዜውም በ1970ዎቹ መባቻ አካባቢ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ድርቅ የሚችል፣ አፈር የሚይዝ፣ ጥላና ማገዶ የሚሰጥ ዛፍ ነበር የተፈለገው። ዛፉ ግን በተተከለበት አልቆመም። በአፋር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የግጦሽ መሬት ወርሷል፤ በድሬዳዋ ቆላና በአካባቢው ሜዳም በወንዝ ዳርና በመንገድ ጥግ እየተሳበ ሰው የማይሾልክበት አጥር ሠርቷል።

ፍሬው ጣፋጭ ነው። ዘሩ ደግሞ ጠንካራ በመሆኑ በእንስሳ ሆድ አልፎ ሳይሞት ይወጣል። በመካከለኛው አዋሽ የተደረገ ጥናት የፕሮሶፒስ ዘር በከብት፣ በግመልና በፍየል ፍግ ብቻ ሳይሆን በከርከሮ ፍግም ውስጥ አግኝቷል። ይህ ማለት ከርከሮው ፍሬውን ይበላል፣ ዘሩን በሄደበት ይጥላል፣ የበቀለው ጥሻ መልሶ ይሸሽገዋል። ዝናብ ጠፍቶ ሣሩ ሲደርቅም ፍሬው ስንቅ ይሆንለታል። የሚጠለልበትንና የሚመገበውን በአንድ ቦታ ያገኘ እንስሳ ቢተኮስበት እንኳ ርቆ አይሄድም።

ሁለተኛው ጥሻ ከከተማው በላይ፣ ወደ ደንገጎና ወደ ቢዮ አዋሌ በሚወጣው ተረተር ላይ ነው። ስለ እሱ ስናገር ቃሌን መጠንቀቅ እፈልጋለሁ፤ ይኸኛው መልካም ሥራ ነውና። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲገድል፣ ውኃው የመጣው ከተራቆተው የላይኛው ጋራ ነበር። ከዚያ ወዲህ እርከን መሥራቱና ጋራውን ከሰውና ከከብት ንክኪ ነጻ ማድረጉ ለከተማዋ የሞት የሽረት ጉዳይ ሆነ። እርከኑን የሠራው በአብዛኛው የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆነው የገጠር ሰው ነው። በሬውንና ፍየሉን ከጋራው ያወጣውም እሱው ነው።

የተከለለ ጋራ ሲያገግም ግን ሣርና ዛፍ ብቻ አይመለስም። ቁጥቋጦው ሲጠና እንስሳው ይከተላል፤ በትግራይና በአማራ ክልል ንክኪ አልባ በተደረጉ ተፋሰሶች አጠገብ የሚኖሩ ገበሬዎችም የሚያነሱት አቤቱታ ይኸው ነው። በድሬዳዋ ጉዳዩን የሚያከፋው የመሬቱ ጥበት ነው። ማሳው የተከለለውን ጋራ ተደግፎ የተሠራ እርከን ነው፤ በመካከላቸው ባዶ መሬት የለም። ከርከሮው ከጥሻው ወጥቶ ማሽላው ውስጥ ለመግባት ሜዳ ማቋረጥ፣ ለዓይን መጋለጥ አያስፈልገውም። የማማው ጠባቂ ወንጭፉን ሳያነሳ እንስሳው ተመልሶ ተሰውሯል። ለዚህ ነው ስለ ጠመንጃ ከመነጋገር በፊት ስለ መሬት አከላለል መነጋገር አለብን የምለው።

የነብርና የአንበሳ መመናመንም ለከርከሮው መብዛት ድርሻ አለው፤ ይህን ብዙዎች ያነሱታል። ነብርን ወደ ማሽላ ማሳ ጥግ መልሶ ማምጣት ግን ፍየል የሚያረባ ጎረቤት ላለው ገበሬ መፍትሔ አይሆንም። በእጃችን ያለው ጥሻው ነው።

አደን ብቻውን ምን ያመጣል የሚለውን ለማየት ራቅ ካለ አገር እንማር። በአሜሪካ ከስድስት ሚሊዮን በላይ የዱር አሳማ እንዳለ ይገመታል። አዳኝ አልጠፋም፣ ጠመንጃ አልጠፋም፣ ሥጋውም ይበላል። ሆኖም የሚዙሪ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 በሚያስተዳድራቸው የጥበቃ መሬቶች ላይ አሳማ ማደንን ከለከለ። ምክንያቱም አዳኞች ከመንጋው አንድ ሁለቱን ሲገድሉ የቀረው እየተበተነ አዲስ አካባቢ ይይዝ ነበር፤ መንጋውን በሙሉ በትልቅ ወጥመድ የሚይዙት ባለሙያዎችም ሥራቸው ይበላሽባቸው ነበር። የእኛ ከርከሮ ከአሜሪካው ይለያል። እሱ መጤ ሳይሆን የአገሩ እንስሳ ነው፤ በዓመት አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ግልገል ይወልዳል እንጂ እንደ አሜሪካው አሳማ አይፈላም። ይህ ልዩነት ተስፋ የሚሰጥ ነው። መደበቂያውና ስንቁ ከተቀነሰ ቁጥሩን በልኩ መያዝ ይቻላል። ጥሻው ባለበት የሚተኮስ ጥይት ግን መንጋውን ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ከማሻገር አያልፍም፤ ድሬዳዋ ከኦሮሚያና ከሶማሌ ክልል ጋር በምትዋሰንበት ተረተር ላይ ደግሞ የተኩስ ድምፅ ለከርከሮ መሆኑን ማን ያረጋግጣል?

ከጥይትም የባሰ አለ። ፈቃድ ያጣ፣ ሰሚ ያጣ ገበሬ ወደ መርዝ ሊሄድ ይችላል። መርዝ የበላ ከርከሮ ሬሳ ጅቡንና ውሻውን፣ ከሁሉም በላይ ጥንብ አንሳውን ይጨርሳል። የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መርዝ ነው።

ጉዳዩን ችላ ማለት የሚያስከፍለው ከጠፋው ማሽላ በላይ ነው። ጥበቃው በመጀመሪያ የሚወድቀው በልጆች ላይ ነው፤ እሸት ሲደርስ ከትምህርት ገበታ የሚቀረው ልጅ ማማ ላይ ነው ያለው። ቀጥሎ እህል የመዝራት ፍላጎት ይሞታል። ከርከሮ የሚፈልገው እህልና ሥር ነው፤ ማሽላው፣ በቆሎው፣ ስኳር ድንቹ። ጫት ያለው ገበሬ የሚጠብቀው ከሌባ ነው። ጫት በማሽላ ማሳ ላይ የተስፋፋው በገበያው ዋጋ ብቻ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ ገበያው ዋናው ነገር ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የማደሩ ድካምም ሊመዘን ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ሌላ ነው። የተከለለው ጋራ የከርከሮ ቤት ሆነብኝ ብሎ ያመነ ገበሬ ጋራውን አይጠብቅም። መጥረቢያ ሲሰማ ዝም ይላል፤ ከብት ሲገባ አያወጣም። ያ ጋራ መልሶ ከተራቆተ ጎርፉ የሚወርደው ወደ ደቻቱ ነው፤ የሚያገኘውም ከታች የተኛውን ከተማ ነው። ዛሬ የጥበቃው ጥቅም ወደ ከተማው ይወርዳል፣ የከርከሮው ዕዳ ላይኛው ማሳ ላይ ይቀራል። ይህ ሚዛን ካልተስተካከለ ጋራው የሚቆየው በዘበኛ ብቻ ነው፤ ለዚያን ያህል ጋራ የሚበቃ ዘበኛ ደግሞ የትም የለም።

ሊደረግ የሚችለው ከባድ አይደለም፤ ቅደም ተከተል ነው የሚፈልገው። በተከለለው ጋራና በማሳው መካከል ቁጥቋጦው የተመነጠረ ጠባብ ክፍት መሬት ይተው፤ እዚያ የሚበቅለውን ሣር አጭዶ የመውሰድ መብትም ለአዋሳኙ ገበሬ ይሰጥ። በቆላው ፕሮሶፒስ ከሥሩ ተቆፍሮ ይውጣ፤ ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ያቆጠቁጣልና። ፍሬው ሳይረግፍ ተለቅሞ ቢፈጭ ዘሩ ይሞታል፣ ለከብትም መኖ ይሆናል። ሴፍቲኔቱ እርከን ለሠራ ሰው እንደሚከፍል ሁሉ ጥሻ ለመነጠረና ማሳ በጋራ ለጠበቀም ይክፈል። በየዓመቱ የጠፋው ሰብል በቀበሌ ደረጃ ይመዝገብ፤ ያልተመዘገበ ጉዳት በጀት አያገኝም። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ማሳ የለመደ መንጋ ካለ፣ በዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድና ክትትል፣ ክፍያ ያላቸው የሠለጠኑ ሰዎች ያስወግዱት። ለገበሬው ጠመንጃ ፈቅዶ ቀሪውን ለእሱ መተው ግን ሸክሙን መልሶ ለተሸካሚው ማስረከብ ነው።

የከተማዋ አስተዳደር የላይኛውን ጋራ ከጎርፍ መከላከያው እንደ አንዱ ከቆጠረው፣ በዚያ ጋራ ጥግ የጠፋው ማሽላም የመከላከያው ወጪ አካል ነው። ወጪው ከከተማዋ በጀት መውጣት አለበት፤ እስካሁን ገበሬው የከፈለው ከጎተራው ነው፣ ያውም ብቻውን።