አሮጌው ዕቃ ለባለመኪናው ይታይ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኔ ግን የመኪናዬን በሽታ ሳልሸሽግ ተናግሬ መድኃኒት ስላጣሁ፥ ይህን አጭር አቤቱታ በጋዜጣዎ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስወጣ የመኪናዬ ሞተር እየጋለ አስቸገረኝ። አዲስ አበባ እንደ ገባሁ፥ ከሰፈር ጋራዥ ይልቅ የፋብሪካው ወኪል ይሻላል ብዬ ወደዚያ ወሰድኳት። ከሦስት ሳምንት በኋላ «ራዲያተሩም የውሃ ፓምፑም ተለውጧል» ብለው ከወር ደመወዜ የሚበልጥ ሒሳብ አስከፈሉኝ። አሮጌዎቹስ ብል «ተጥለዋል» አሉኝ። በማግስቱ ሞተሩ እንደ ገና ጋለ።

በመጨረሻ አንድ የሰፈር መካኒክ ቴርሞስታቱን ፈታ። ይህ ትንሽ ዕቃ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፍ ነው። በላዩ 82 ዲግሪ ተጽፎበታል፤ ነገር ግን በሚፈላ ውሃ ውስጥ እንኳ ቢነከር አልከፈት አለ። በሽታው ይኸው ነበር! በጥቂት ብር ተለወጠ፤ መኪናይቱም ዳነች።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ስለዚህ ወኪሎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ምርመራውንና ዋጋውን በጽሑፍ ቢሰጡ፥ የተፈታውንም አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ቢያሳዩ መልካም ነው። እኛም ባለመኪናዎች ይህን ሳናይ አንፈርም።

አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ