አፈር ተሸክሞት ላስቲክ የሚይዘው ውሃ

በላስቲክ የለበሰ የውሃ ማጠራቀሚያ መሬት ውስጥ ተቆፍሮ፣ ግድግዳውና ወለሉ ውሃ በማያሳልፍ ንጣፍ የተሸፈነ ጉድጓድ ነው። ሲሚንቶ፣ ብረትም ሆነ ግንበኛ አይጠይቅም። የውሃውን ክብደት የሚሸከመው አፈሩ ነው፤ የላስቲኩ ድርሻ ውሃው ወደ አፈሩ እንዳይሰርግ መከልከል ብቻ ነው። ርካሽነቱም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ከመሬት በላይ የሚቆም ታንከር ግፊቱን በራሱ ግድግዳ መቋቋም ስላለበት ወፍራምና ውድ ይሆናል፤ መሬት ውስጥ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ብዙ ሺህ ሊትር ይዞ ይከርማል። ላስቲኩ በስህተት ሸክም የተሸከመበት ቦታ ካለ ግን መቀደዱ አይቀርም።

በወላይታ ዞን የማጠራቀሚያው ጥቅም ከዝናቡ መጠን ይልቅ ከዝናቡ ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለችው ሶዶና አካባቢዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ያገኛሉ። በልጉ የካቲት ማብቂያ አካባቢ ጀምሮ ግንቦት ላይ ይጠናቀቃል፤ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። ከኅዳር ወዲያ ግን ምንጮች ይቀጥናሉ። ወደ አባያ ሐይቅና ወደ ብላቴ ወንዝ የሚያዘቀዝቁት የሁምቦ፣ የዳሞት ወይዴና የዱጉና ፋንጎ ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ከደጋው ቀድመው ይደርቃሉ። በምዕራብ በኩል፣ በኦሞ ወንዝ ላይ፣ 243 ሜትር ከፍታ ባለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ኋላ ግዙፍ ውሃ ተኝቷል፤ ኮረብታ ላይ ላለ ጓሮ ግን ቅርቡ ውሃ ከራሱ ጣሪያ የሚወርደው ነው። ያ ውሃ በክረምት ቦይ ሞልቶ ይሄዳል፤ በጥር ደግሞ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ሩቅ መንገድ ይጓዙለታል።

ላስቲክ የለበሰ ኩሬ በኢትዮጵያ በስፋት የታወቀው ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ በተካሄደው የቤተሰብ ውሃ ማቆር ዘመቻ ነው። የዚያን ጊዜውን ደቡብ ክልል ጨምሮ በየክልሉ የሲሚንቶ ጉድጓዶች ተገነቡ፤ አንዳንዶቹ ጉልላት፣ አንዳንዶቹ የጠርሙስ ቅርጽ ነበራቸው። ከእነሱ ጎን አፋቸው ሰፊ፣ ወለላቸው ጠባብ ሆኖ ጂኦሜምብሬን የተባለ ውሃ የማያሳልፍ የላስቲክ ንጣፍ የለበሱ ኩሬዎች ተቆፈሩ። ብዙዎቹ አልዘለቁም። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፤ ላስቲኩ ተበሳ፤ ጎርፍ ያመጣው ደለል ኩሬውን ሞላው። ሥራው በቁጥር ግብ እየተጣደፈ በመሄዱ የቦታ መረጣውን ለገበሬው ለመተው ጊዜ አልነበረም። በሰሜን ሸዋ በምንጃር ሸንኮራ ግን ገበሬዎች የኩሬውን ውሃ ሰፊ ማሳ ለማጠጣት ሳይሆን የሽንኩርት ችግኝ ለማፍላት አዋሉት። መደብ ላይ ያለ ችግኝ የሚጠጣው ጥቂት ስለሆነ ያችው ውሃ በቃች።

ለወላይታም ይኸው አካሄድ ይስማማል። የስኳር ድንች ተክል የሚራባው በሐረጉ ነው፤ በጋው ሲረዝም ሐረጉ ይደርቅና ዝናቡ ሲመጣ የሚተከል ይጠፋል። ጥቂት ካሬ ሜትር የሐረግ መደብ በየሁለትና ሦስት ቀኑ ማጠጣት የሚችል ቤተሰብ በልጉ በጣለ ሳምንት ይተክላል፤ የማይችለው ሐረግ ፍለጋ ገበያ ለገበያ ይዞራል። የቡና ችግኝና የጓሮ ጎመንም በዚሁ ሥፍር ይታያሉ። የአንድ አባወራ ይዞታ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሄክታር በማያልፍበት አገር፣ መሬት የማይሻማ ትንሽ ጉድጓድ በትክክለኛው ሳምንት የሚሰጠው ውሃ ከትልቅ ኩሬ ይልቅ ይረባል።

መጠኑ የሚወሰነው በቀላል ስሌት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ይሆናል። 40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢያገኝና አንድ አምስተኛው በመፍሰስና በመትነን ቢባክን እንኳ 32,000 ሊትር ይቀራል። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ 9,000 ሊትር ይይዛል። ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢጠቀም ይህ 100 ቀን ያህል፣ ማለትም ከኅዳር መባቻ እስከ የካቲት የመጀመሪያ ሳምንታት ያደርሳል። ለዚህ ጉድጓድ የሚያስፈልገው ላስቲክ ዳር ዳሩን ለመቅበር ግማሽ ግማሽ ሜትር ተጨምሮበት 7 በ6 ሜትር ነው። የሣር ክዳን ውሃውን ስለሚያቀልመውና ቆሻሻ ስለሚጨምርበት ለመጠጥ የሚሆን ውሃ የሚሰበሰበው ከቆርቆሮ ጣሪያ በአሸንዳ ነው።

ቦታው ከቤቱ ዝቅ፣ ከሽንት ቤትና ከከብት ማደሪያ ከፍ ብሎ፣ ከዛፍ ሥር ርቆ ይመረጣል። ባሕር ዛፍ አጠገብ መቆፈር ሥሩን ላስቲኩ ላይ መጋበዝ ነው። ከምንጭ በላይ ያለ ረግራጋ ቦታም አይሆንም፤ ጉድጓዱ ሲጎድል የከርሰ ምድር ውሃ ከሥር ገብቶ ላስቲኩን ወደ ላይ ያነሣዋል። የደጋውና የወይና ደጋው ጥልቅ ቀይ አፈር ሲቆፈር ግድግዳው በደንብ ይቆማል፤ አሸዋማ ወይም ድንጋያማ በሆነው ቆላ ግን ግድግዳው ወደ ውጭ ዘመም እንዲል ሆኖ ይቆፈራል።

ቁፋሮው ካለቀ በኋላ ያለው የግማሽ ቀን ሥራ የማጠራቀሚያውን ዕድሜ ይወስናል። 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ አንድ ቶን ተኩል ይጫናል፤ በዚህ ክብደት ሥር የጥፍር ያህል ጠጠር እንኳ ወስፌ ይሆናል። ስለዚህ ሠራተኛው ጫማውን አውልቆ ይገባና ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ ይዞራል። የተቆረጠ ሥር ጫፉ ብቅ ካለ በቢላዋ ከውስጥ ድረስ ይወጣል፤ ጠጠሩ ይለቀምና ቀዳዳው በጭቃ ይደፈናል። ከዚያ እንደ ቤት ግድግዳ በጭድ የተቦካ ጭቃ ተመርጎ እስኪጠነክር ይጠበቃል። ማዕዘኖቹ ሹል ሆነው አይቀሩም፤ ክብ ተደርገው ይስተካከላሉ፤ ላስቲክ ሹል ማዕዘን ላይ ተንጠልጥሎ ሲሞላ የሚወጠረው እዚያ ነውና።

ላስቲኩ በመጠኑ ከፋብሪካ ወይም ከሻጭ አንድ ወጥ ሆኖ ቢመጣ ይመረጣል፤ ፖሊኢትሊን የሚጋጠመው በሙቀት እንጂ በማጣበቂያ አይደለም፤ ገጠር ውስጥ የተሠራ ግጥሚያም አብዛኛውን ጊዜ ያፈሳል። ጥቁሩ ቀለም ካርቦን ስላለበት ፀሐይን ይቋቋማል። ንጣፉ ሳይወጠር፣ እጥፋቱ እየተንቀሳቀሰ እንዲቀመጥ ላላ ተደርጎ ይዘረጋል። ጠርዙ ዙሪያውን ወደተቆፈረው ቦይ ይገባል፤ ቦዩ ግን ወዲያው አይደፈንም። መጀመሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ውሃ ይገባበትና ላስቲኩ ግድግዳው ላይ በራሱ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ቦዩ በአፈር ተሞልቶ ይጠቀጠቃል። የወጣው አፈር በዙሪያው ተከምሮ ከጨንቻ የተስፋፋው ዴሾ ሣር ቢተከልበት ጎርፍ አይንደውም፤ ሣሩም ለከብት ይታጨዳል።

ከመግቢያው ፊት ደለል የሚያስቀር ትንሽ ጉድጓድና ወንፊት ይደረጋል፤ በሌላው ወገን ከጠርዙ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ማስተንፈሻ በድንጋይ ተነጥፎ ትርፉን ወደ እንሰቱ ይመራል። ለሰብል ብቻ የሚሆን የጎርፍ ውሃ የሚያቁር ትልቅ ኩሬ ሲሆን የደለሉ ጉዳይ ይብሳል፤ በየዓመቱ መጥረግ ግድ ነው፤ ለጠረጋውም አካፋ ሳይሆን የእንጨት ማፈሻ ይገባል።

ክዳን ብዙ ጊዜ የሚዘለል፣ መዘለል ግን የሌለበት ክፍል ነው። በቆላው ፀሐይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከተነነ፣ አፉ 8 በ8 ሜትር የሆነ ኩሬ በየቀኑ 320 ሊትር ያጣል። ከሁሉ በላይ ግን የወባ ትንኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የታተመ የትግራይ ጥናት፣ በአነስተኛ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናት በወባ የመያዝ ዕድላቸው ርቀው ከሚኖሩት 7 እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። በሁምቦ ቆላ ያለ ክፍት ኩሬ ከዚህ ስጋት አያመልጥም። ሕፃን ወይም ጥጃ ቢገባ ደግሞ እርጥብ ላስቲክ እንደ ሳሙና ስለሚያዳልጥ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ አጥርና በውስጡ የተንጠለጠለ ቋጠሮ ያለው ገመድ ያስፈልጋል። በደቡብ ምዕራብ ኡጋንዳ የሩዋንዳ ስደተኞች ሸራ ወደ ጉድጓድ አስገብተው የሠሩት የ5,000 ሊትር ያህል ማጠራቀሚያ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታዋል፦ ጉድጓዱ በላዩ ዝቅተኛ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ትንሽ ቤት ነው። በወላይታ ባሕር ዛፍ ማገርና አሮጌ ቆርቆሮ ለዚህ ይበቃሉ።

ውሃው በባልዲ አይቀዳም፤ የባልዲ ጠርዝ ላስቲክ ይቀድዳል። በዳሞታ ዳገት ላይ ጓሮው ከጉድጓዱ ዝቅ ካለ፣ ውሃ ተሞልቶ አንድ ጫፉ የተነከረ ጎማ ያለ ፓምፕ ውሃውን ስቦ ያወርዳል፤ ሜዳ ላይ የገመድ ፓምፕ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ወደ ውጭ ይለቀቃል፤ ለመጠጥ የሚውለው ይፈላል ወይም ውሃ አጋር በተባለው የውሃ ማከሚያ ይታከማል።

ቀጭን የግብርና ላስቲክ ፀሐይ ካገኘው በአንድ በሁለት ዓመት ይሰባበራል፤ ክዳን ያለው ጥቁር ጂኦሜምብሬን ከዚያ ብዙ ይረዝማል። የፒቪሲ ሸራ ቀዳዳ ታጥቦና ደርቆ በማስቲሽ ይለጠፋል። ፖሊኢትሊን ግን በጋለ ብረት ካልተበየደ አይያያዝም። ጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ አይተውም፤ ወለሉ ላይ ጥቂት ውሃ ከቀረ ነፋስ ላስቲኩን አያነሣውም። ንጣፉ አርጅቶ ሲለወጥም አሮጌው አይጣልም፤ ታጥቦ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ከአዲሱ ሥር ይነጠፋል።