የጣናን እምቦጭ በካርታ መከታተል

የጣና ሐይቅ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 መግባቱ በይፋ የታወቀውን እምቦጭ የቱ ጋ እንደያዘ በጀልባ እየዞሩ መመዝገብ አድካሚ ነው፤ መዝግበው ሳይጨርሱ ደግሞ ነፋስ ተንሳፋፊውን አረም ገፍቶ ሌላ ዳርቻ ያደርሰዋል። ይህን ተንቀሳቃሽ ጠላት ለመከታተል ሁነኛው መሣሪያ የጂኦግራፊያዊ መረጃ ሥርዓት፣ በአጭሩ ጂአይኤስ ነው።

ጂአይኤስ ማናቸውንም መረጃ ከሚገኝበት ቦታ ጋር አቆራኝቶ የሚይዝ የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ጅምሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካናዳ ነበር። ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለው የጂኦግራፊ ባለሙያ፣ የትኛው መሬት ለእርሻ፣ የትኛው ለደን እንደሚስማማ ለመለየት የወረቀት ካርታዎችን በእጅ ማነጻጸሩ የማይዘለቅ ሆኖ ቢያገኘው ሥራውን ለኮምፒውተር ሰጠው።

እምቦጭን ከውኃው የሚለየው ብርሃን ነው። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ዓይናችን የማያየውን፣ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን ኢንፍራሬድ ግን አብዝቶ ይመልሳል። ንጹሕ ውኃ ይህንኑ ኢንፍራሬድ ውጦ ያስቀረዋል። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ልዩነቱን ጎኑ 10 ሜትር በሆነ ቁራጭ ይመዘግባሉ፤ መቶው ቁራጭ አንድ ሄክታር ነው። ሳተላይቶቹ ተቀባብለው በየ5 ቀኑ ያልፋሉ፤ ምስሉንም ማንም በነጻ ያገኘዋል።

ሆኖም ደንገልም አረንጓዴ ነው። ታንኳ የሚሠራበትን፣ ወፍ የሚጠለልበትን ደንገል ከአረሙ ጋር የደባለቀ ካርታ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጂፒኤስ የያዘ ሰው ወርዶ «ይህ እምቦጭ ነው፤ ያኛው ደንገል ነው» እያለ ነጥብ በነጥብ ማረጋገጥ አለበት። ክረምት ሲገባ ደመና ሐይቁን ይሸፍነዋል፤ ያን ጊዜ ደመና የማያግደው የሴንቲኔል-1 ራዳር ይተካል።

አረሙ የሸፈነው የሄክታር ቁጥር በየነቀላ ዘመቻው ይጠቀሳል። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅም እዚያ ላይ አይደለም። በአረሙ ካርታ ላይ ወንዞቹን፣ ተዳፋቱንና የእርሻ መሬቱን ደርቡበት፤ ወረራው የበረታበት ሰሜንና ሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ እንደ መገጭ ያሉ ወንዞች ደለል ተሸክመው የሚገቡበት ነው። ከደለሉ ጋር ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ ይመጣል፤ እምቦጭም በእሱ ይፋፋል። ገበሬው በክንዱ የሚነቅለው አረም ምግቡ ከላይ፣ ከተፋሰሱ እስከመጣለት ድረስ መልሶ ይበቅላል። እርከኑ የት ይቀድም፣ የትኛው የወንዝ ዳር በዛፍ ይሸፈን የሚለውን የተደራረበው ካርታ ቦታ ጠቅሶ ያሳያል።

የተነቀለውም ቢሆን የሚከመርበት ቦታ ይመረጥለት። የእምቦጭ ዘር ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ዳርቻው ላይ የተከመረው ውኃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። የመሬቱን ከፍታና ሐይቁ በክረምት የሚደርስበትን ወሰን የያዘ ካርታ ግን፣ ክምሩ ከየትኛው መስመር በላይ መውጣት እንዳለበት ከዘመቻው በፊት ለቀበሌው ይነግረዋል።