ስለ ፈንደስ ካሜራ፤ የዓይንን ውስጠኛ ክፍል ስለሚያነሣው መሣሪያ

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ በጀመረው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በልብስ ስፌትና በቆዳ ውጤት ሥራ የተሰማሩት ሠራተኞች፣ ይልቁንም ብዙኃኑ ወጣት ሴቶች፣ ክርን ከክር ስፌትን ከስፌት እየለዩ ውለው የሚገቡት በብርሃነ ዓይናቸው ስለ ሆነ፣ የዓይናቸው ጤንነት የእንጀራቸው መሠረት ነው ቢባል ግነት አይሆንም። ነገር ግን ዓይኑን ሊመረመር ለሄደ ሰው አስቀድሞ የሚቀርብለት የፊደል ሰሌዳ የሚመሰክረው ዛሬ ምን ያህል እንደሚያይ እንጂ፣ በዓይኑ ውስጥ በስውር ምን እየተፈጸመ እንዳለ አይደለም። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልሰው ፈንደስ ካሜራ ነው።

ሬቲና የሚባለው፣ የዓይንን የኋላ ግድግዳ በውስጥ በኩል የሚያለብሰውና ብርሃንን ተቀብሎ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚያስተላልፈው ስስ ክፍል፣ ደም ሥርንና ነርቭን ያለ ምላጭ በአንድነት ለማየት የሚቻልበት ልዩ ስፍራ ነው። ሆኖም ወደ ብሌን የገባው ብርሃን በመጣበት መንገድ ስለሚመለስ፣ ተመልካቹም በዚያ መንገድ ላይ ሲቆም ብርሃኑን ራሱ ስለሚጋርድ፣ ብሌን ለዘመናት እንደ ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ትታይ ነበር፤ ጀርመናዊው ሊቅ ሔልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ብርሃንን በመስተዋት አንጸባርቆ በማስገባት ይህን ምሥጢር ገለጠ። እ.ኤ.አ. በ1886 የሕያው ሰው ሬቲና በፎቶግራፍ ተነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ የዛይስ ኩባንያ ለዚሁ ተግባር የተሠራ ካሜራ ለገበያ አቀረበ።

ዛሬ ተመርማሪው አገጩን በማሳረፊያው ላይ አድርጎ ከፊቱ ያለውን ምልክት ሲመለከት፣ ካሜራው በአንድ ብልጭታ ሥዕሉን ያነሣል፤ ብሌኑ ጠባብ ከሆነ ግን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግለታል፤ ጠብታውም ለጥቂት ሰዓታት እይታን ያደበዝዛል። በሥዕሉ ላይ የስኳር ሕመም ያቆሰላቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች የደም ነጠብጣብ ሆነው፣ የደም ግፊት ያጠበባቸውም ቀጥነው ይታያሉ። የዓይንን ነርቭ በሚጎዳው በግላኮማ የተያዘ ሰው ሕመም ሳይሰማው፣ ሰሌዳውንም እስከ መጨረሻው መስመር እያነበበ፣ በነርቩ ራስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ግን እየሰፋ ሊሄድ ይችላል፤ በዚህ መንገድ የጠፋ ብርሃን ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ግን ያየውን ጠብቆ ማቆየቱ ነው። ሐኪም በዓይኑ ብቻ ያየውን በቃላት ሲጽፍ ብዙ ነገር ይቀርበታል፤ ሥዕሉ ግን ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሐኪም ያለ አድልዎ ይመሰክራል። ስለዚህ የወጣቷ ሠራተኛ ዓይን ጤናማ ሳለ የተነሣው ሥዕል ከንቱ አይደለም፤ ኋላ የሚመጣው ለውጥ የሚለካው በእርሱ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ በሆነው ብሔራዊ ጥናት ከመቶ 1.6 የሚሆነው ሕዝባችን ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ የግማሹ ያህል መንሥኤ የዓይን ሞራ፣ የ5.2 ከመቶው ደግሞ ግላኮማ ስለ ነበረ፣ ካሜራው ሞራን ከማከም መቅደም አለበት የሚል የለም፤ ሞራ የጋረደውን ዓይን ካሜራውም ቢሆን አጥርቶ አያነሣውም፤ የሬቲናንም ዳርቻ ሁሉ አያዳርስም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር የስኳር ሕመምተኞችን ሬቲና በየጊዜው ማንሣት እ.ኤ.አ. በ2003 ከተጀመረ በኋላ፣ ይህ ሕመም ለሥራ በደረሱ ሰዎች ዘንድ ከዓይነ ስውርነት መንሥኤዎች የነበረውን ቀዳሚ ስፍራ ለቅቆ መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ተጽፏል፤ ለዚህም ምርመራውና ሕክምናው ተባብረው እንደ ረዱ ይታመናል።

ሥዕል በራሱ አያድንም፤ አንባቢና አካሚ ይሻል። ይሁን እንጂ በፋብሪካ አካባቢ ክሊኒክ የተነሣው ሥዕል እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ባለ ስፍራ ለሚገኙ የዓይን ሐኪሞች ሊላክ ስለሚችል፣ ሠራተኛዋ ከሥራዋ ሳትስተጓጎል መመርመር ትችላለች። ስለዚህ አሠሪዎች ካሜራውን ከተለመደው የዓይን ምርመራ ጋር እንዲያቆራኙት፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሁሉ እይታዬ መልካም ነው ብሎ ሳይዘናጋ በየዓመቱ ሬቲናውን እንዲያስመረምር፣ ከቤተ ሰቡ ግላኮማ የያዘው ሰው ያለበትም ይህንኑ ለሐኪሙ እንዲነግር አደራ እንላለን።