አወያዩም ተማሪ፣ ተወያዩም ተማሪ

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከየክልሉ በምደባ የመጡ ወጣቶችን በአንድ ዶርም ያስተኛሉ፣ በአንድ ካፌ ይመግባሉ። አብሮ ማደር ግን መነጋገርን አያስከትልም። በ2012 ዓ.ም. በበርካታ ግቢዎች የተነሣው ብሔር ተኮር ግጭት የተማሪዎችን ሕይወት ሲቀጥፍ ይህ ክፍተት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ታይቷል። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሞከረ አንድ አሠራር አለ፤ ከሚታወቀው በላይ ሊታወቅ ይገባዋል እላለሁ።

አሠራሩ ተከታታይ ውይይት ይባላል። የቀረጸው በካምፕ ዴቪድ ድርድር የተሳተፈው አሜሪካዊው ዲፕሎማት ሃሮልድ ሳውንደርስ ሲሆን፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስገቡት ግን የፕሪንስተን ተማሪዎች ናቸው። ማንነታቸው የተለያየ ጥቂት ተማሪዎች ሳይቀያየሩ በየጊዜው ይገናኛሉ። የሚመሯቸው ሥልጠና የወሰዱ ተማሪዎች ናቸው። አወያዩ አያስተምርም፣ አይፈርድም፤ የተናጋሪውን ቃል ሌላው እስከ መጨረሻው እንዲሰማው ያደርጋል። ቡድኑ መጀመሪያ ይሰባሰባል፣ ቀጥሎ ችግሮቹን በስማቸው ይጠራል፣ ከዚያ የችግሮቹን ሥር ይቆፍራል፣ መፍትሔ ይነድፋል፣ በመጨረሻም በጋራ ይሠራል። መምህር ለምን አይመራውም? መምህር ውጤት ይሰጣልና በፊቱ የሚነገረው ደስ የሚያሰኘው ብቻ እንዳይሆን ያሰጋል። እዚያው ዶርም የሚያድር እኩያ ግን የሚያስፈራበት ሥልጣን የለውም።

ኢሳክ ስቬንሰንና ካረን ብሩኒየስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውን ውይይት መርምረው፣ ተሳታፊዎችን ካልተሳተፉት ጋር በዕጣ ላይ በተመሠረተ ሙከራ አነጻጽረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናታቸው ሁለት ነገር አገኘ። የተሳተፉት ተማሪዎች በሌላ ብሔር ሰዎች ላይ ያላቸው እምነት ጨምሯል፤ ከዚያ ጎን ለጎን የራሳቸው ብሔር ማንነት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኖባቸዋል፣ በብሔራቸው ምክንያት መድልዎ ይደርስብናል የሚለው ስሜትም በርትቷል።

ተቃዋሚ የሚይዘው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ የተዳፈነ እሳት ለምን ይቆሰቆሳል? ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን እምነቱም ቅሬታውም ያደጉት በእነዚያው ተማሪዎች ላይ ነው። እንደኔ ንባብ፣ በደሉን በሌላው ፊት መናገር የቻለ ሰው በደሉን አይረሳም፤ ይልቁንም ሰሚ እንዳለው ያውቃል። ፍትሕ የሚፈለገው በደል ሲታወቅ እንጂ ሲሸፈን አይደለም። ስለ አንድነት ብቻ የሚሰብክ ስብሰባ ይህን አያደርግም፤ ሁሉም አጨብጭቦ ወደየወገኑ ይመለሳል።

ስጋቱ እውነት የሚሆነው ውይይቱ መንገድ ላይ ሲቋረጥ ይመስለኛል። ችግሩን ዘርዝሮ መፍትሔ ሳይነድፍ የተበተነ ቡድን ቁስል ከፍቶ የሄደ ሐኪም ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ሥልጠና ሰጥቶ ፎቶ መነሣት ይህን አሠራር አይተካም። ለወጣት አወያዮችም ሁሉንም ማሸከም ግፍ ነው። ዛቻ ወይም ጥቃት ሲገጥማቸው የሚያማክሩት ባለሙያ፣ ከፈተና ጋር የማይጋጭ ሰዓት፣ ቡድኑ ስለ ዶርም አመዳደብ ወይም ስለ ቅሬታ አቀራረብ የሚያቀርበውን ሐሳብ ተቀብሎ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ያስፈልጋቸዋል።