ትጋት ሌላ፣ የፍጹምነት አባዜ ሌላ

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ ከምንሸኛቸው ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ በክፍላቸው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሲወጡ የኖሩ ናቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከእነዚሁ ጎበዞች አንዳንዶቹ የተሰጣቸውን ሥራ በጊዜው እንደማያስረክቡ፣ በክፍል ውስጥ አንድም ጥያቄ እንደማይጠይቁ፣ ጭራሹንም ፈተና ትተው ወደ ቤታቸው እንደ ተመለሱ እንሰማለን። ወላጅ «ልጄን ምን ነካብኝ?» ይላል፤ የሩቁ ተመልካች ደግሞ «ሰነፈ» ብሎ ይፈርዳል። በእውነቱ ግን ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ችግራቸው የስንፍና ተቃራኒ የሆነ አሉ። እነርሱም ሥራቸው ፈጽሞ እንከን የሌለበት ካልሆነ ምንም እንዳልሠሩ የሚቆጥሩት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የፍጹምነት አባዜ ምን እንደ ሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና በምን ዘዴ ሊገታ እንደሚችል ለመምህራንና ለተማሪዎች ማስረዳት ነው።

ልዩነቱ ምንድን ነው?

ከሁሉ አስቀድሞ ትጋትን ከፍጹምነት አባዜ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ትጉህ ተማሪ ከፍ ያለ ግብ ያወጣል፤ ይደክማል፤ ሥራውን ያስረክባል፤ ስሕተቱ ሲነገረው ያርማል። ከ20 ነጥብ 16 ቢያገኝ በ16ቱ ይደሰታል፤ የቀሩት 4ቱ በምን ምክንያት እንደ ጎደሉ ይመረምራል። አባዜው ያደረበት ተማሪም ግቡ ከፍ ያለ ነው። ልዩነቱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። ለእርሱ 4ቱ ነጥብ የጎደለው ከወረቀቱ ላይ ሳይሆን ከራሱ ከሰውነቱ ላይ ነው። «ይህን ጥያቄ ሳትሁ» በማለት ፈንታ «እኔ የማልረባ ሰው ነኝ» ይላል። መታረምን እንደ መዋረድ ስለሚቆጥረውም ከአራሚው ይሸሻል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ምሁር ዶን ሐማቼክ እ.ኤ.አ. በ1978 ዓ.ም. የፍጹምነትን ፍላጎት ጤናማ በሆነውና ጤና በሚነሣው ከፍሎ አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ የሚሠሩት ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት በሦስት ከፈሉት። አንደኛው ሰው ፍጹምነትን ከራሱ ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው ከሌሎች ሲጠብቅ፣ ሦስተኛው «ሌሎች ከእኔ ፍጹምነትን ይጠብቃሉ» ብሎ ሲያምን ነው። ቶማስ ከረንና አንድሩ ሂል የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ፣ በካናዳና በብሪታንያ 41,641 የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2016 ዓ.ም. የሰጡትን መልስ ሰብስበው ሲያነጻጽሩ፣ ሦስቱም ዐይነቶች እየጨመሩ እንደ መጡ፣ ይልቁንም ሦስተኛው ከሁሉ በልጦ እንደ ጨመረ አግኝተዋል። ይህ ጥናት የእኛን አገር ተማሪዎች አይመለከትም። ይሁን እንጂ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለው ፍርሃት ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የሚያባብሱትም የራሳችን ምክንያቶች አሉ።

ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምክንያት የደረጃ ልማዳችን ነው። ልጁ ካርዱን ይዞ ቤት ሲገባ «ምን ተማርህ?» ከሚለው በፊት «ስንተኛ ወጣህ?» ይባላል። እንዲህ ሆኖ 12 ዓመት የተማረ ልጅ የራሱን ዋጋ በደረጃ ቁጥር መለካት ይለምዳል። አሁን በአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ ከ60 ትምህርት ቤቶች አንደኛ የወጡ 60 ተማሪዎች ተሰበሰቡ እንበል። ከእነዚህ አንደኛ ሊሆን የሚችለው አንድ ብቻ ነው። የቀሩት 59ኙ ከእውቀታቸው አንዳች ሳይጎድልባቸው፣ በሒሳብ ግዴታ ብቻ፣ ደረጃቸው ዝቅ ይላል። ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ከሌለ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያሳብባሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የበሩ መጥበብ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 3.2 ነበሩ። በዚህ በር ያለፈ ተማሪ አንዲት ስሕተት ሁሉን ነገር ልታሳጣው እንደምትችል አድርጎ ቢያስብ አያስደንቅም። ዩኒቨርሲቲ ከገባም በኋላ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት በትምህርት ክፍል ምደባ ላይ ይታሰባል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል።

ሦስተኛው የቤተ ሰብ ተስፋ ነው። በሬ ሸጦ ወይም የዕቁብ ገንዘብ አውጥቶ ልጁን የላከ አባት፣ ልጁ እንዲሳካለት መመኘቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ተማሪው የዚያን ሁሉ ሰው ተስፋ በእያንዳንዱ ፈተና ላይ ተሸክሞ ከገባ፣ የ10 ነጥብ ፈተና የሞት የሽረት ጉዳይ ይሆንበታል።

በምን ይታወቃል?

አባዜው ያደረበት ተማሪ ብዙ ጊዜ ሥራ የሚያዘገይ ነው። አንድ ጽሑፍ ታዘዘ እንበል። የመጀመሪያውን አንቀጽ ይጽፋል፤ አላማረውም፤ ይቀድደዋል። እንደገና ይጀምራል። «ገና ሌላ መጽሐፍ ማንበብ አለብኝ» ይላል። በዚህ ዐይነት ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ በመጨረሻው ሌሊት አጣድፎ ይጽፋል፤ ወይም ከናካቴው አያስረክብም። በሐሳቡ ውስጥ ያለው ጽሑፍ እጅግ ያማረ ነው፤ መምህሩ እጅ ግን አልደረሰም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ውጤቱ ዝቅ ሲል ደግሞ «አልረባም ብዬ አልነበረም?» ይላል። ፍርሃቱ መዘግየትን፣ መዘግየቱ ዝቅተኛ ውጤትን፣ ዝቅተኛው ውጤት ሌላ ፍርሃትን እየወለደ ይሄዳል።

በፈተናም ላይ እንዲሁ ነው። አንደኛውን ጥያቄ ሳይጨርስ ወደ ሁለተኛው ማለፍ ስለማይሆንለት የሚያውቃቸውን አምስት ጥያቄዎች ሳይነካ ሰዓቱ ያልቃል። ሌሎቹ ምልክቶች «ቢ» ያገኘበትን ቀን እንደ ለቅሶ ቀን መቁጠር፣ እንዳይስቁብኝ ብሎ ጥያቄ አለመጠየቅ፣ የተመለሰ የፈተና ወረቀት ሳያነብቡ መደበቅ፣ ዕረፍትንና እንቅልፍን እንደ ኀጢአት ማየት ናቸው።

ለተማሪዎች የሚጠቅሙ ዘዴዎች

1ኛ/ ሥራውን ከመጀመር በፊት ጊዜውን መወሰን። በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት የ20 ነጥብ ሥራ ወደ 15 ነጥብ ደረሰ እንበል። ተጨማሪ 3 ሰዓት ወደ 17 ያደርሰዋል፤ ሌላ 3 ሰዓት ደግሞ ግማሽ ነጥብ ቢጨምር ነው። ይህ የመጨረሻው 3 ሰዓት ለሌላ ትምህርት ቢውል ስንት ነጥብ ባስገኘ ነበር? ብልህ ገበሬ ዝናቡ ሳያልፍ ሁሉንም እርሻውን ይዘራል እንጂ አንዱን ትልም ሲያስተካክል አይከርምም።

2ኛ/ ረቂቅንና የመጨረሻ ጽሑፍን መለየት። ረቂቅ እንዲበላሽ የተፈቀደለት ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሳይሰርዙና ሳይቀድዱ እስከ መጨረሻው መጻፍ፣ በማግሥቱ ማረም ይገባል። መጻፍንና ማረምን በአንድ ጊዜ እሠራለሁ የሚል ሁለቱንም አይሠራም።

3ኛ/ በፈተና ላይ አስቀድሞ የሚያውቁትን መሥራት፤ ያስቸገረውን ምልክት አድርጎ ማለፍና በኋላ መመለስ።

4ኛ/ የተመለሰውን ወረቀት ማንበብ። ስሕተቶቹን በሦስት መክፈል ይቻላል፤ ባለማወቅ የመጣ፣ ጥያቄውን ባለማስተዋል የመጣ፣ በችኮላ የመጣ። የየአንዳንዱ መድኃኒት የተለያየ ነው። «የማልረባ ነኝ» የሚለው ፍርድ ግን ከሦስቱ ለአንዱም መድኃኒት አይሆንም።

5ኛ/ ያልገባውን መጠየቅና ከጓደኞች ጋር ማጥናት። በጥናት ላይ ሌላውም እንደሚሳሳት ማየት ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለምና።

6ኛ/ እንቅልፍ ማጣቱ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ ወይም ተስፋ መቁረጡ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ ይልቁንም ሞትን መመኘት ከመጣ፣ ነገሩ የጥናት ዘዴ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ሳይውል ሳያድር ለሚያምኑት ሰው መናገር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ወይም ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

የእኛ የመምህራን ድርሻ

ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የሚያሳየው ጠባይ በአብዛኛው በእኛ ክፍል ውስጥ የተጀመረ ነው። ስለዚህ መታረም ውርደት አለመሆኑን ማስተማር የእኛ ሥራ ነው። ይህም ለአገራችን ትምህርት አዲስ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ጀማሪው ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ይነሣል። የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ምሥጢሩን ወይም አገባቡን ያርምለታል፤ በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ቆጥሮ ይቀርባል። እንዲህ እየታረመ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። እንከን የሌለው መወድስ እስኪመጣልኝ ድረስ አልናገርም ያለ ተማሪ ቢኖር ባለቅኔ ሳይሆን በቀረ ነበር።

ከዚህ ልማድ ለዛሬው ክፍላችን የምንወስደው አለ። በተቻለ መጠን ለአንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እናርም፤ መጀመሪያ ያለ ነጥብ ረቂቁን፣ ቀጥሎ በነጥብ የታረመውን። የክፍሉ ብዛት ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ተማሪዎቹ ረቂቃቸውን እርስ በርሳቸው እንዲተራረሙ እናድርግ። በቀይ ቀለም ቁጥር ብቻ ከመጻፍ አንድ መስመር ምክር እንጨምር። ዝቅተኛ ውጤት ያገኘውን በክፍል ፊት ስሙን አንጥራ። ስናመሰግንም «አንተማ ጎበዝ ነህ» ከማለት ይልቅ «ይህን ማስረጃ ፈልገህ ማግኘትህ መልካም ነው» እንበል፤ ጎበዝ ብቻ የተባለ ልጅ ስሙን እንዳያጣ ከባድ ሥራ ይሸሻልና። በመጨረሻም 12ኛ ክፍል የሚጨርሱትን ከመሸኘታችን በፊት የ60ዎቹን አንደኞች ሒሳብ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሠርተን እናሳያቸው።

ይህን ሁሉ ስንል ተማሪዎቻችን ግባቸውን ዝቅ ያድርጉ ማለታችን አይደለም። አገሪቱ ሐኪም፣ መሐንዲስና መምህር ያስፈልጋታል፤ ከእነዚህም ጥንቃቄ ይጠበቃል። ነገር ግን ጠንቃቃ ሐኪም የሚሆነው ተማሪ በነበረበት ጊዜ ስሕተቱን ገልጦ ያሳየና የታረመ ነው። ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲ ጉዞ ከምናስይዛቸው ስንቅ አንዱ ያላለቀ የሚመስላቸውን ሥራ በቀኑ የማስረከብ ልማድ ይሁን።